የመነኮሳይያቱ መንገድ ፊልም

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያ በርጩማ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ግድግዳውን ደገፍ ብሎ የሚቀመጥ ይቀመጥበት። ይህን ወሬ የሰማችሁ ብትኖሩም እንኳ በትክክል የነገራችሁ ያለ አይመስለኝምና እንደ አዲስ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት፣ በግንቦት ማለቂያ፣ እዚሁ ፓሪስ፣ ሞንትሬይ በር ላይ ነው። ፊልም ገና አፍ አላወጣም፤ ሰው በአንሶላ ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ድምፅ ሳይሰማ የሚሄድበት ዘመን ነበር።

ቅዳሜ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ሊዮንቲን የምትባል ሴት ከአንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ያለውን የድሮ የፈረስ ጋጣ በር ከፈተች። ሥራዋ የተነሣን ፊልም በመቀስ እየቆረጡ በሙጫ መቀጠል ነው፤ ጋጣውም የሥራ ክፍላቸው ነበር። ቁልፉን ኪሷ ሳትከት አለቃዋን፣ ማክሲም ዶቭሬን፣ ወለሉ ላይ ተዘርሮ አየችው። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል። አጠገቡ ጨርቅ ለቃሚዎች ጥራጊ የሚያገላብጡበት የብረት መንጠቆ ወድቋል፤ ጫፉ ደም ነክቶታል። ሊዮንቲን አልጮኸችም። በሩን መልሳ ቆለፈችና ባለ መጠጥ ቤቱን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሰደደችው።

የመጣው ኢንስፔክተር አንሴልም ጉቤር ነበር። አጭር፣ ድቡልቡል ያለ፣ ነገር ሲሸተው ተረከዙ መሬት የማያርፍለት ሰው። የወረቀት ከረጢት ሙሉ ቼሪ ይዟል፤ ፍሬውን ይበላና ዘሩን እንደ ልጅ ኪሱ ውስጥ ይተፋል። ሬሳውን ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተው፣ ተነሣ።

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው ማን ማን ነው?»

«ሦስታችን። ሟቹ፣ እኔ፣ ካሜራ አንሺው ኦክታቭ ሌሴር።»

«እርስዎ እዚህ ከመድረስዎ በፊት የት ነበሩ?»

«ትራም ውስጥ። ቲኬቴን የቀደደው ሰውዬ በየቀኑ አግቢኝ ይለኛል። ይጠይቁት፤ የለበስኩትን ሳይቀር ይነግርዎታል።»

ጉቤር ሳቁን ዋጠ። «የጠፋ ዕቃ አለ?»

ሊዮንቲን መደርደሪያውን ቃኘች። «ሰማያዊው ደብተር የለም። በየቀኑ ምን እንደተነሣ የሚጻፍበት ነው።»

«ምን ዓይነት ፊልም ነበር የምትሠሩት?»

«የከተማዋን ጓዳ፣ ኢንስፔክተር። የመሬት ውስጥ ቦዮችን፣ ድልድይ ሥር የሚያድሩትን፣ ጨርቅ ለቃሚዎቹን። ‹ሌላው ሰው ፓሪስን ፊቷን ስትኳል ያነሣታል፣ እኔ እግሯን ስትታጠብ አነሣታለሁ› ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ባለ መጠጥ ቤቱ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ከጋጣው የወንድ ጩኸት፣ ወዲያው አንድ ነገር ዷ ሲል መስማቱን ተናገረ። «ሰክረው ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። መንጠቆውን ሲያሳዩት ግን ፊቱ ተለዋወጠ። እጀታው ላይ ዶሮ ተቀርጾበታል። በዞኑ፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ ባለው የለቃሚዎች ሰፈር፣ ያንን ዶሮ የማያውቅ አልነበረም።

«ይሄ የሲፕሪየን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሲፕሪየን ታሰረ።

የጣቢያው አዛዥ እጁን እያፋተገ መጣ። «አለቀ ደቀቀ! መንጠቆው የሱ፣ ዛቻው የሱ። ሰኞ ጧት መዝገቡን መርማሪ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አንገቱን ለመሰየፊያው ስለት ያዘጋጅ።»

«ሁለት ቀን ይስጡኝ» አለ ጉቤር።

«ወስደህ ምን ልታደርግበት?»

«ቼሪዬን ልጨርስ።»

ሲፕሪየን ረጅም፣ ቀይ ሻሽ አንገቱ ላይ ያሠረ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ጉቤር ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መንጠቆህ እንዴት እዚያ ተገኘ?»

«ማክሰኞ ለዶቭሬ ሰጠሁት። መንጠቆህን ቀረብ አድርጌ ላንሣው አለኝ።»

«መንጠቆ ምኑ ይነሣል?»

«እኔን ይጠይቁኛል? ሰውዬው እኮ ቁጭ ብሎ አይጥ የሚያነሣ ሰው ነው!»

«ሐሙስ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ ካሜራህን እሰብርልሃለሁ ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። አክስቴን ከተሸፈነ ጋሪ ውስጥ ተሸሽገው እያነሷት! ሰው እንደ አውሬ አድፍጠው ያነሡታል? ይጠይቋታ!»

«እሺ። ዛሬ ጧት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት የት ነበርክ?»

እስከዚያ ሲወራጩ የነበሩት የሲፕሪየን እጆች ጉልበቱ ላይ አረፉ።

«እየሄድኩ ነበር።»

«በየት?»

«በእግሬ።»

«አንተ ሰው፣ አንገትህ ነው እኮ!»

«አንገቴንማ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል።»

ከዚህ በኋላ ቢለምኑት ቢያስፈራሩት ቃል አልወጣውም። ጉቤር ብዙ ገዳይ አይቷል፤ ገዳይ ሲዋሽ ወሬ ያበዛል። ይህ ግን ከስለቱ የበለጠ የሚፈራው ነገር ያለ ይመስል ጥርሱን ነክሷል። የኢንስፔክተሩ ተረከዝ መነሣት ጀመረ።

ካሜራ አንሺው ኦክታቭ ሌሴር ጥፍሩ የጠራ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ለመጥራት የሄደው ፖሊስ ያገኘው ሁለት ሰዓት ላይ በመነኮሳይያቱ መንገድ፣ ከነካሜራው በተሸፈነው ጋሪ ውስጥ ነው። ከዚያ እስከ ጋጣው በእግር አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሲቀመጥ ገላው ሁሉ ረግቶ ቀኝ እጁ ብቻ ሳይታወቀው ጉልበቱ ላይ ክብ ክብ ይሠራል። የካሜራ እጀታ ሲያዞር የኖረ እጅ ነው።

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበርኩ፣ ኢንስፔክተር። አሮጊቷን ዜሊን፣ የሲፕሪየንን አክስት፣ ቤት ለቤት ስትሄድ አነሣኋት።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«የተደበቅኩት እኮ እንዳልታይ ነው» ብሎ ፈገግ አለ። «ግን ካሜራው ይመስክርልኝ። የፊልሙ ጥቅል ገና አልታጠበም፣ እዚያው ውስጥ ነው። አሳጥበው ይመልከቱት።»

«መንገዱ ላይ ያልተለመደ ነገር አልነበረም?»

«ምንም። እንደ ወትሮው ነው። ከላይ እስከ ታች የየደጁን የጥራጊ በርሜል አንድ በአንድ ከፍታ ለቅማ ሄደች።»

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ ዓይንና እጅ።»

ጉቤር ጥቅሉን ከካሜራው አስወጥቶ ለሊዮንቲን ሰጣት። እሷም አሳጥባ፣ ግልባጭ አስወጥታ እሑድ ከቀትር በፊት እንደምታደርስለት ቃል ገባች። ሁለተኛ አንድ ነገር አደረገ፤ የመነኮሳይያቱን መንገድ ለሚጠብቀው ጣቢያ፣ ቅዳሜ ጧት በዚያ መንገድ የተመዘገበ ነገር ካለ ገልብጠው እንዲልኩለት በስልክ አዘዘ። ልማዱ ነው እንጂ ምንም አልጠበቀም።

ከሰዓት በኋላ ዞን ገባ። ጎጆዎቹ የቆርቆሮ፣ የሣጥን እንጨት፣ የአሮጌ ባቡር በር ናቸው። የዜሊን ለማግኘት አልተቸገረም፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ እሷ ደጃፍ ተሰብስቦ ነበር። አሮጊቷ እሳት ላይ የጣደችውን ድስት እያማሰለች በእግሯ ድመት ትገፋለች።

«ወግዱ እናንተ ሆዳሞች! ቅዳሜ ቅዳሜ ትዝ የምላችሁ!» ቀና ስትል ኢንስፔክተሩን አየችው። «አንተ ነህ ልጄን ያሰርከው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ተቀመጥ እንግዲህ። ብትጠላም ብላ፤ የዓሣ ጭንቅላት ሾርባ ነው።»

ተቀመጠ፣ በላ፣ ደገመ። ሲፕሪየን የሟች ወንድሟ ልጅ ነው፤ ከአራት ዓመቱ ጀምራ ያሳደገችው እሷ ናት። እየበላ ስለ ሥራቸው ጠየቃት።

«የመነኮሳይያቱ መንገድ የኔ ነው» አለች። «አሥራ ዘጠኝ በር። ከእናቴ የወረስኩት፣ እሷም ከእናቷ። በረኞቹ የጥራጊ በርሜሉን ደጅ ሲያወጡ የከተማው ጋሪ ሳይደርስ እለቅማለሁ። ወረቀት ለብቻ፣ ጨርቅ ለብቻ፣ አጥንት ለብቻ። ሌላ ሰው በኔ በር እጁን አይከትም።»

«ቢከትስ?»

ማማሰያው ቆመ። «የበርሜል ሌባ ይባላል። እሳት የሚያጭርለት፣ ማዕድ የሚያቀርብለት የለም። ሲሞትም የሚሸከመው አይገኝም። እኛ ድሆች ነን እንጂ ሌባ አይደለንም።»

«ሲፕሪየንስ? የሱ መንገድ የት ነው?»

«ነበረው። ክረምት ላይ ቤቶቹን አፍርሰው ትልቅ ሕንፃ ጀመሩበት። ከአጥር ምን ይለቀማል?» ድስቱን አወረደች። «ልጄ አልገደለም።»

«ታዲያ የት እንደነበረ ለምን አይናገርም?»

«የሰፈር ነገር በሰፈር ነው» አለች ዜሊ፣ ሳህኑን ከፊቱ አንሥታ።

«ጋሪውን ዛሬ ጧት አይተሽዋል? ውስጡ ሰው ነበር?»

«ጋሪው ከአሥር ቀን ጀምሮ እዚያው በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ሰው ይኑርበት ሰይጣን፣ እኔ በምን ላውቅ?»

ጉቤር ሲወጣ ነገሩ ሁሉ የተዘጋ በር መሰለው። መንጠቆው ሲፕሪየንን ይከሳል፣ ፊልሙ ኦክታቭን ያድናል። አዛዡም ሰዓቱን እየቆጠረ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጠጥ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሰው እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ጉቤር ዞንን በሙሉ ጠርቶ ነበር። ምናልባት አንዱ ዓይን ሲፕሪየንን ከፊልሙ ጥግ ቢያገኘው ብሎ ነው፤ ካለበለዚያም ፊት ማየት ይወዳል። መስኮቱን በጆንያ ሸፈኑ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠሩ። ራሳቸውን ሊያዩ ነው! ፎቶ እንኳ ተነሥተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ተበጥረዋል፣ ወንዶቹ ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ አንዱ ሽማግሌ የሠርጉን ኮት ለብሶ መጥቷል።

«አባባ፣ ፊልሙ እኮ አንዴ ተነሥቷል! አሁን ቢለብሱ ምን ይረባል?» አሉት።

«ተው፣ ቢያየኝስ?» አለ ሽማግሌው አንሶላውን እየጠቆመ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

የፊልም ማሳያውን መኪና ለማዞር የተነሣው ኦክታቭ ራሱ ነው። «ከኔ የተሻለ እጅ የለም» አለ። ሊዮንቲን መቀሷን በአንገቷ አንጠልጥላ አጠገቡ ቆመች። ጉቤር መብራቱን አጥፉ ከማለቱ አንድ ፖሊስ እያለከለከ ገብቶ ከመነኮሳይያቱ መንገድ ጣቢያ የተላከ ወረቀት ሰጠው። ሳያነበው ከቼሪ ዘሮቹ ጋር ኪሱ ከተተው። ጨለመ። እጀታው ቀር ቀር ቀር ማለት ጀመረ።

አንሶላው ላይ የመነኮሳይያቱ መንገድ በራ።

«ያቺውና! ዜሊ!»

«ዜሊ፣ ወገብሽ እንዲህ ቀጭን ነበር እንዴ?»

«ዝም በል አንተ በርሜል!» አለች ዜሊ ከፊት ወንበር እየሳቀች። እጇን አፏ ላይ ጭና የራሷን ጀርባ ታየዋለች። «አቤት፣ እንዲህ ጎብጫለሁ?»

በአንሶላው ላይ ዜሊ የመጀመሪያውን በርሜል ከፈተች። መንጠቆዋን ሰድዳ ጨርቅ አወጣች። ሁለተኛው በር፣ ወረቀት። ሦስተኛው በር ላይ መንጠቆዋ ከበድ ያለ ነገር ይዞ ወጣ፤ የበግ ታፋ አጥንት። ወደ ቅርጫቷ ወረወረችው። አራተኛው በር ላይ ሌላ። አምስተኛው ላይ ደግሞ የበሬ ጉልበት።

በአዳራሹ ውስጥ ያለችው ዜሊ ብድግ አለች።

«ቆይ! ቆይ ቆይ! ይሄ የመቼ ነው?»

«ቅዳሜ ነዋ፣ እማማ፣ ትናንት» አለ ጉቤር ከጨለማው።

«ማን ነው የዋሸህ? ይሄ ቅዳሜ አይደለም!» ወደ አንሶላው ሮጠች። ፊልሙ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፤ የራሷ ጥላ ከራሷ ምስል ጋር ተደባለቀ። አጥንቱን በጣቷ ትወጋዋለች። «አጥንት! በቅዳሜ በርሜል አጥንት! ዓርብ የዓሣ ቀን ነው እኮ! በመነኮሳይያቱ አጥር ሥር ዓርብ ሥጋ የሚበላ ማን ነው? ቅዳሜ የማገኘው የዓሣ ጭንቅላትና የእንቁላል ቅርፊት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ!»

ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። የሚያውቁት ነገር ነው! ማን ከነሱ በላይ ያውቀዋል?

«እውነቷን ነው!»

«ቅዳሜ አጥንት ይሸጥልኛል የሚል ለቃሚ አይታችኋል?»

«ድመቶቹስ የታሉ? ቅዳሜ ቢሆን ድመቶቹ ይከተሏት ነበር! አንድ ድመት የለም!»

የጉቤር ተረከዝ ከመሬት ተነሣ። ትናንት የበላው ሾርባ፣ እግሩ ሥር ሲተሻሹ የነበሩት ድመቶች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጭንቅላቱ መጡ። ሊናገር አፉን ሲከፍት የእጀታው ድምፅ ተቋረጠ።

የኦክታቭ እጅ ቆሟል።

አንሶላው ላይ ያለችው ዜሊ መንጠቆዋን እንደዘረጋች ደረቀች። ከመሃል ሆዷ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ፣ ሰፋ፣ ፈላ።

«እሳት!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

ያኔ ፊልም እንደ ባሩድ ነው የሚነደው። ሰው ወደ በሩ ተገፋፋ፣ ወንበር ተገለበጠ። ሊዮንቲን ግን ኦክታቭን በትከሻዋ ገፍታ የመብራቱን የብረት ክዳን ጣለችው፤ በመቀሷ ከላይ ቀጭ፣ ከታች ቀጭ አድርጋ የሚነደውን ቁራጭ በጓንቷ ይዛ መሬት ላይ ወረወረችው። ፍስስ ብሎ ነዶ አለቀ። ስንዝር እንኳ አይሞላም።

«አሥራ ሁለት ዓመት ያዞርክ ሰው!» አለችው። «መብራት በርቶ እጅ እንደማይቆም እኔ ነኝ የማስተምርህ?»

«ደንግጬ ነው» አለ ኦክታቭ።

«ደግሞ ያቃጠልከው ግልባጩን ነው፣ ሞኝ። ዋናው፣ ኔጋቲቩ፣ በብረት ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎበታል።»

ጆንያው ከመስኮቱ ተነሣ። ብርሃን ገባ። ኦክታቭ ላብ በላብ ሆኗል፣ ቢሆንም ራሱን ሰብስቦ ቀና አለ። «ኢንስፔክተር፣ በአሮጊት አጥንት ነው የምትፈርዱት? አንድ ቤት ዓርብ ሥጋ ቢበላስ?»

«አንድ ቤት ይበላ!» አለች ዜሊ። «ስንት በር ላይ አወጣሁ? ቆጥረሃል?»

ጉቤር ያን ጊዜ ወረቀቱ ትዝ አለው። ከኪሱ ሲያወጣው የቼሪ ዘሮች ተንከባለሉ። ማንበብ ሲጀምር ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፣ እየሄደ ጎላ።

«‹ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። የመነኮሳይያቱ መንገድ የታችኞቹ በረኞች አቤቱታ። አንድ ሰው አምስት በርሜል ከፍቶ ገልብጦ ሄዷል። የዓሣ ጭንቅላት በእግረኛ መንገዱ ላይ ተበትኖ ድመት ሰፍሮበታል። ጠራጊ ተጠርቶ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ...›»

እዚህ ላይ ዓይኑ ወደ ታች ወርዶ አንድ መስመር አየ። ያንን መስመር ሳያነበው ወረቀቱን አጠፈው።

«ይበቃል» አለ። ወደ ኦክታቭ ተጠጋ። እስካሁን «እርስዎ» ሲለው የነበረው አንደበቱ ተቀየረ። «ስማኝ አንተ። ድመት፣ ጠራጊ፣ የሚሳደቡ በረኞች፣ የተገለበጠ አምስት በርሜል። ይህ ሁሉ ካሜራህ ፊት ሲሆን አንተ ‹ምንም፣ እንደ ወትሮው› አልከኝ። በፊልምህ ላይ የታችኞቹ በርሜሎች ክዳናቸው እንደተከደነ በረድፍ ቆመዋል። ቅዳሜ ጧት ጋሪው ውስጥ አልነበርክም። የት ነበርክ?»

ኦክታቭ ቀኝ እጁን አየው። እጁ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክብ መሥራቱን ትቷል።

«የሐሙስ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሳናሳጥበው የቀረ የሐሙስ ጥቅል ነበር። መልሼ ካሜራው ውስጥ አስገባሁት። ሐሙስ መነሣቱ ሰማያዊው ደብተር ላይ ተጽፎ ነበር፤ እሱን ወንዝ ጣልኩት።»

«ለምን ገደልከው?»

«ጧት ለሥራ ስንገናኝ የፊልሙን የመጀመሪያ ሰሌዳ አሳየኝ፤ ስም የሚጻፍበትን። ሁለት ዓመት፣ ኢንስፔክተር! ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ቆሜ፣ ድልድይ ሥር በብርድ ተጠብሼ አዞርኩ። ያየሁትን ያየሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ያለው ግን የሱ ስም ብቻ። የኔስ ስል፣ ‹አንተማ እጅ ነህ› አለኝ። ‹እጅ ስም የለውም›።» ቀኝ እጁን ዘረጋ። «መንጠቆው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጄ ሲነሣ እኔ አላየሁትም።»

የሠርግ ኮት የለበሰው ሽማግሌ ቆቡን አወለቀ።

ሰኞ ጧት ጉቤር የእስር ክፍሉን በር ራሱ ከፈተ።

«ውጣ። ነጻ ነህ።»

ሲፕሪየን ከተቀመጠበት አልተነሣም። ወሬውን ከጠባቂዎቹ ሰምቷል። «ወረቀት ነበር አሉ። ከጣቢያ የመጣ።»

«ነበር።»

«ያ በርሜል የከፈተው ሰውዬ ምን ይመስል እንደነበር ጽፈውበታል?»

«ረጅም፣ ቀይ ሻሽ አንገቱ ላይ ያሠረ ይላል።»

ጎረምሳው ዓይኑን ጨፈነ። «ለማን አነበቡት?»

«ለራሴ ብቻ።»

ሲፕሪየን ተነሥቶ፣ የኢንስፔክተሩን እጅ ጨብጦ ወጣ። ጉቤርም ልቡ አላስችል ብሎት በሩቁ ተከተለው።

ዜሊ ከጣቢያው ደጃፍ ቅርጫቷን አዝላ ቆማ ነበር። ከኋላዋ የሰፈሩ ሰው ግማሽ። ሲፕሪየን ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«አክስቴ፣ ከመሳምሽ በፊት የምነግርሽ አለ።» ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ነው የተናገረው፣ እየፈራ፣ ግን ጮክ ብሎ። «ቅዳሜ በርሜልሽን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የታችኞቹን አምስቱን። ሁለት ቀን ምግብ አልቀመስኩም ነበር። ከሌላ ሰው ከምሰርቅ... ካንቺው ሰረቅኩ።»

ከሰዎቹ መሃል ጉርምርምታ ተነሣ። ዜሊ ተራመደችና እጇ እስኪደርስ ተንጠራርታ በጥፊ አጮለችው። ጉቤር ራሱ ከሩቅ ጉንጩን ዳሰሰ።

«ይሄ ለስርቆቱ አይደለም» አለች። «ቅዳሜውኑ አውቄአለሁ። ሌባ ቢሆን ወረቀቱንና ጨርቁን ይወስድ ነበር። የጠፋው ዳቦ ብቻ። ይሄ ራብ ነው እንጂ ሌባ አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። ይሄ ጥፊ ለዝምታህ ነው። የበርሜል ሌባ ከምባል አንገቴ ይቆረጥ ትላለህ? አንተ ከሞትክ እኔን ማን ይሸከመኛል?»

«አፍሬ ነው፣ አክስቴ።»

«አፍረህ አፈር ልትገባልኝ!» አለችና ያን ረጅም ልጅ አንገቱን ጎትታ ሳመችው፤ ስታለቅስ ነበር። ቀጥላ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ሰምታችኋል። በሩ የኔ ነው፣ የምምረውም የማልምረውም እኔ ነኝ። የሚናገር ካለ አሁን ይናገር።»

ሽማግሌው ብቻ «እንዲያው ራብ መሆኑን ለምን ለኛ አልነገርከንም፣ አንተ ልጅ?» አለ፣ እንደ ወቀሳም እንደ ይቅርታም አድርጎ።

በኛ ሰፈር መንገድ ሲወረስ፣ አውራሹ ወራሹን ይዞ በር በር እየዞረ ከበረኞቹ ያስተዋውቃል። ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ዜሊ ሲፕሪየንን አስከትላ ከታችኞቹ አምስት በሮች የመጀመሪያው ላይ ቆመች። በረኛዋ መጥረጊያ ይዛ ወጣች፣ ቀዩን ሻሽ አየች፣ መጥረጊያውን አነሣች።

«ይሄ እኮ ነው! የቅዳሜው!»

«እሱው ነው» አለች ዜሊ። «ሲፕሪየን ይባላል፣ የወንድሜ ልጅ። ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ አምስት በሮች የሱ ናቸው። ክዳን መክደን እያስተማርኩት ነው።»

ያንን ፊልም ሊዮንቲን ጨርሳው ታየ ይላሉ። አሁን በየትኛው ጓዳ እንዳለ አላውቅም። ግን ምናልባት አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ድምፅ የሌለው አሮጌ ፊልም ሲያይ፣ አንዲት ጎባጣ ሴት ከበርሜል አጥንት ስታወጣ ያያት ይሆናል። ስሟ አልተጻፈም። እናንተ ግን አደራችሁን፣ ልጆቼ፣ ዜሊ ትባላለች በሉ። አትርሱብኝ።